ጎን ለጎን መደርደር፦ ዌብ አፕሊኬሽን ለሚሠሩ፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ድሬዳዋ ውስጥ ዌብ አፕሊኬሽን መሥራት ለጀመሩ ልጆች የተዘጋጀ ነው። ዳታቤዙን በአንድ ቀን ጨርሰው፣ ሁለት በተን ጎን ለጎን ለማቆም ግን ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸው ብዙ ናቸው። ጥያቄዎቹ በቴሌግራምም በሻይ ሰዓትም ደጋግመው የሚመጡ ናቸው። የሲኤስኤስን (የገጹን መልክና አደራደር የምንነግርበት ቋንቋ) ትእዛዞች እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ኮድ ውስጥ ስታስገቧቸው በለመዳችሁት የላቲን አጻጻፍ ነው።

መልሶቹ ውስጥ ደጋግማችሁ የምታገኙት አንድ አቋም አለኝ። ገጹ ሲጀመር ሁሉም ነገር ከላይ ወደ ታች ይቁም። ጎን ለጎን የሚሰለፈው ቦታ ሲገኝ ብቻ ይሁን። ከተማችን ውስጥ አብዛኛው ሰው ገጹን የሚከፍተው በስልክ ስለሆነ ይህ የጣዕም ጉዳይ አይመስለኝም።

ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን እንዲቆሙ ፈልጌ አንዱ ከሌላው ሥር ይወርድብኛል። ለምን?

ብሮውዘሩ የለመደውን ስላደረገ ነው። ዲቭ፣ ፓራግራፍ፣ ርዕስ፣ ፎርም የመሳሰሉት ኤለመንቶች ሲፈጠሩ «ብሎክ» ናቸው። ብሎክ መስመሩን ለብቻው ይይዛል። ስፋቱን ብታሳንሱትም መስመሩን ለጎረቤት አይለቅም። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። «200 ፒክሰል አድርጌዋለሁ፣ ቀሪው ቦታ ባዶ ነው፣ ሁለተኛው ታዲያ ለምን አይገባበትም?» ይላል። ስፋት ሌላ፣ መስመር መያዝ ሌላ።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ሁለቱን ሳጥኖች የያዘውን ወላጅ ኤለመንት ዲስፕሌይ ፍሌክስ በሉት። ልጆቹ ወዲያው ይሰለፋሉ። አቅጣጫ ካልነገራችሁት ፍሌክስ የሚደረድረው በአግድም ነው።

ዲስፕሌይ ፍሌክስ ጻፍኩ። ምንም አልተለወጠም።

አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው በተሳሳተ ኤለመንት ላይ ነው። ፍሌክስ የሚጻፈው በወላጁ ላይ ነው፤ የሚታዘዙት ደግሞ የቅርብ ልጆቹ ብቻ ናቸው። የልጅ ልጆቹን አይመለከትም።

ሪአክት ወይም ሌላ ፍሬምወርክ የምትጠቀሙ ደግሞ ይህን አስተውሉ። ኮምፖነንቱ ራሱ ሌላ ዲቭ ጠቅልሎበት ሊሆን ይችላል። እናንተ ሦስት ካርድ ያያችሁ ይመስላችኋል፤ ፍሌክሱ ግን የሚያየው ሦስቱን የያዘ አንድ ዲቭ ነው። አንድ ልጅ ብቻ ካለው ደግሞ ጎን ለጎን የሚያደርገው የለም። በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ኢንስፔክት (የገጹን ኤለመንቶች የሚያሳየውን መሣሪያ) ክፈቱ። ፍሌክስ የሆነ ኤለመንት አጠገቡ ትንሽ ምልክት ይታያል። ምልክቱ ያለበትን ኤለመንት እዩና ልጆቹን ቁጠሩ። ነገሩ እዚያው ይገለጣል።

ፍሌክስ ይሻላል ወይስ ግሪድ?

የድሬ ልጅ ለዚህ ሩቅ መሄድ የለበትም። ሁለቱን የከተማዋን ሰፈሮች፣ ከዚራና መጋላን፣ ማሰብ ይበቃዋል። የባቡሩ መስመር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ከደረሰ በኋላ የተቆረቆረችው ከዚራ መጀመሪያ በወረቀት ላይ ተሰመረች። መንገዶቹ ቀጥ ብለው ተነደፉ፤ ቤቶቹ በተሰመረው ውስጥ ገቡ። ግሪድ እንዲህ ነው። ወላጁ ላይ ረድፍና ዓምድ ትነድፋላችሁ፤ ልጆቹ በተሰጣቸው ቦታ ይቀመጣሉ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው መጋላ ግን መንገዷን ያገኘችው ከሰዉና ከገበያው ነው። ፍሌክስ ወደዚያ ያደላል። እያንዳንዱ ልጅ የሚበቃውን ቦታ ይጠይቃል፤ የተረፈው ይከፋፈላል፣ የጎደለው ይቀነሳል።

ስለዚህ በአንድ መስመር የሚቆም ነገር ከሆነ፣ ማለትም የሜኑ ባር፣ ሁለት በተን፣ አይኮንና ጽሑፍ፣ ፍሌክስ ተጠቀሙ። ዓምዶቹ ከላይ እስከ ታች መገጣጠም ካለባቸው ግሪድ። የዕቃ ዝርዝር ካርዶች፣ ዳሽቦርድ፣ የገጹ አጠቃላይ አጥንት የግሪድ ሥራ ናቸው። አንዱን መርጦ ሌላውን መተው አያስፈልግም። አጥንቱ ግሪድ፣ በየካርዱ ውስጥ ያለው ፍሌክስ ቢሆን የተለመደ ነው።

«ግሪድ አዲስ ነው፣ አንዳንድ ብሮውዘር ላይ አይሠራም» የሚል ሰው አሁንም ይገጥመኛል። ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ሦስቱም ግሪድን ያስገቡት እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ነው። ያ ወሬ ጊዜው አልፎበታል።

ዩቲዩብ ላይ ያየሁት ሰውዬ በፍሎት ነው የሚሠራው። ልከተለው?

አይ። ፍሎት የተፈጠረው ጽሑፍ በሥዕል ዙሪያ እንዲዞር ነው። ድሮ ሌላ መላ ስላልነበረ ሙሉ ገጽ ይሠራበት ነበር። ዛሬም ለተፈጠረበት ሥራ ጥሩ ነው፤ የዜና ፎቶ በጽሑፍ እንዲከበብ ከፈለጋችሁ ተጠቀሙበት። ለአደራደር ግን ተዉት።

ኢንላይን ብሎክም ይሠራል፤ ግን የሚያናድድ ጠባይ አለው። ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ በሁለቱ ታጎች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እንደ አንድ የጽሑፍ ክፍተት ይቆጥረዋል። 4 ፒክሰል አካባቢ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቀዳዳ የሚፈጠረው በዚህ ነው።

በመካከላቸው ክፍተት እንዴት ላድርግ?

ጋፕ። ወላጁ ላይ ጋፕ 1 ሬም (በተለመደው የፊደል መጠን 16 ፒክሰል) ብላችሁ ጻፉ፤ አለቀ። በልጆቹ መካከል ብቻ ነው የሚገባው፤ ዳር ላይ አይጨምርም። ለየልጁ ማርጂን (ከሳጥኑ ውጭ ያለ ክፍተት) ሰጥቶ ከመጨረሻው ላይ መልሶ መንጠቅ የሚባለው ጣጣ ቀርቷል። ጋፕ በፍሌክስ ውስጥ በሦስቱም ትልልቅ ብሮውዘሮች የተሟላው ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲቀበለው ነው። ከዚያ በፊት የነበረ አይፎን የያዘ ደንበኛ ካላችሁ ሳጥኖቹ ተጣብቀው ይታዩታል። ገጹ አይሰበርም፤ ያምርበታል ግን አልልም።

ለሁለቱም 50 ፐርሰንት ሰጠኋቸው። 50 እና 50 መቶ አይደለም እንዴ? ሁለተኛው ለምን ይወርዳል?

መቶ ነው፤ ግን የቆጠራችሁት ሁሉንም አይደለም። ወላጁ 400 ፒክሰል ነው እንበል። ለየልጁ 200 ይደርሰዋል። በየልጁ ውስጥ በግራና በቀኝ 16፣ 16 ፓዲንግ (ከሳጥኑ ጠርዝ እስከ ይዘቱ ያለ ክፍተት) ካለ፣ ብሮውዘሩ ካልተነገረው በስተቀር ያንን ከ200 ውጭ ይጨምረዋል። አንዱ 232፣ ሁለቱ 464 ሆኑ። ወደ ታች መጠቅለል የተፈቀደበት ቦታ ከሆነ ሁለተኛው ይወርዳል።

ቦክስ ሳይዚንግን ቦርደር ቦክስ አድርጉት። ለሁሉም ኤለመንት፣ በሲኤስኤሱ መጀመሪያ ላይ፣ ለሁልጊዜ። ያኔ ፓዲንጉና ቦርደሩ በ200 ውስጥ ይቆጠራሉ።

ይህን አስተካክላችሁም የሚወርድ ከሆነ ጋፑን እዩ። 50 ሲደመር 50 ሲደመር ጋፕ ከመቶ ይበልጣል። ፐርሰንቱን ትታችሁ ለሁለቱም ፍሌክስ 1 ስጧቸው፤ ጋፑን ቀንሶ የቀረውን እኩል ማካፈል የብሮውዘሩ ሥራ ይሁን። በግሪድ ከሆነ በፐርሰንት ፋንታ ኤፍአር የሚባለውን መለኪያ ተጠቀሙ። እሱም የሚያካፍለው ጋፑ ተቀንሶ የተረፈውን ነው።

ላፕቶፔ ላይ ያምራል። ስልክ ላይ ግን ይጨናነቃል።

በመጀመሪያ ቪውፖርት የሚባለው ሜታ ታግ መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ስልኩ ገጹ 980 ፒክሰል ስፋት ያለው መስሎት አሳንሶ ያሳየዋል። ሰዉ በሁለት ጣት እየጎተተ ማንበብ ይጀምራል። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ያለዚያ ታግ አይሠራም።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ለሲኤስኤስ የሚያሳዩት ስፋት 360 ፒክሰል አካባቢ ነው። ከግራና ከቀኝ ዳር 16፣ 16 ተዉ። ሦስት ካርድ ጎን ለጎን ብታቆሙ በመካከል ሁለት ክፍተት አለ፤ 12፣ 12 ይሁን። የቀረው 304 ነው። ለአንድ ካርድ 101 ፒክሰል ይደርሰዋል። የጫማው ፎቶ፣ ስሙ፣ ዋጋውና «ግዛ» የሚለው በተን በ101 ፒክሰል ውስጥ? እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ያለ ነጋዴ እንኳ ዕቃውን እንዲህ አያጨናንቅም።

ስለዚህ ብሮውዘሩን «ሦስት አድርግ» አትበሉት። «አንድ ካርድ ከዚህ በታች አይጥበብ፣ የቻልከውን ያህል ደርድር» በሉት። በግሪድ እንዲህ ይባላል፦ የዓምዶቹ አነዳደፍ ሪፒት ይሁን፤ በውስጡ ኦቶ ፊል፣ ቀጥሎ ሚንማክስ፣ ትንሹ 16 ሬም ትልቁ 1 ኤፍአር። 16 ሬም በተለመደው የፊደል መጠን 256 ፒክሰል ነው። በዚያ 360 ስልክ ላይ አንድ ዓምድ ይሆናል። 768 ታብሌት ላይ ሁለት። 1280 ላፕቶፕ ላይ አራት። የጻፋችሁት አንድ መስመር ብቻ ነው። ትንሹን ልክ «ከ16 ሬምና ከ100 ፐርሰንት የሚያንሰው» ብትሉት ደግሞ በጣም ጠባብ ስልክ ላይም ከዳር አይወጣም። ይህን የሚሠራው ሚን የሚባለው ፋንክሽን ነው።

ብዙ ቦታ በኦቶ ፊል ፋንታ ኦቶ ፊት ተጽፎ ታያላችሁ። ልዩነቱ የሚታየው ዕቃው ጥቂት ሲሆን ነው። ደንበኛው «ሳንዳል» ብሎ ፈልጎ አንድ ብቻ ቢገኝ፣ ኦቶ ፊት ያንን አንድ ካርድ እስከ ስክሪኑ ዳር ይለጥጠዋል። ፎቶው በር የሚያህል ይሆናል። ለዕቃ ዝርዝር ኦቶ ፊልን እመርጣለሁ። ፍሌክስ ራፕ (ያልበቃው ወደ ታች እንዲወርድ የሚፈቅደውን) ተጠቅማችሁ ካርዶቹ እንዲያድጉ ከፈቀዳችሁም በመጨረሻው መስመር ላይ ያው መለጠጥ ይመጣል።

በስክሪኑ ስፋት የሚወስነው ሚዲያ ኩዌሪስ? ለገጹ አጥንት አሁንም ያስፈልጋል። ሳይድባሩ ከዚህ ስፋት በላይ ብቻ ይታይ ለማለት ለምሳሌ። ለካርዶች ግን እምብዛም አልፈልገውም። ያው ካርድ አንዴ በሰፊው ገጽ፣ አንዴ በጠባብ ሳይድባር ውስጥ የሚገባ ከሆነ ኮንቴይነር ኩዌሪ የሚባለው አለ። ስክሪኑን ሳይሆን የተቀመጠበትን ሳጥን ስፋት ይጠይቃል። ከ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በሦስቱም ትልልቅ ብሮውዘሮች ይሠራል።

የደንበኛው ስም ሲረዝም ዋጋውን ከስክሪኑ ያስወጣዋል።

ሰው ሲያብድበት የማየው ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱ ስለማይታይ። የፍሌክስ ልጅ ይጠብባል ተብሎ ይታሰባል፤ ግን ካልተነገረው በስተቀር በውስጡ ካለው ከማይሰበረው ረጅም ነገር በታች አይጠብም። ረጅም የኢሜይል አድራሻ፣ ሊንክ፣ ያለ ክፍት ቦታ የተጻፈ የዕቃ ኮድ ገጹን የሚገፋው በዚህ ነው። በአንድ መስመር እንዲቆም የተደረገ ስምም እንዲሁ።

ስሙን ለያዘው ልጅ ፍሌክስ 1 እና ሚን ዊድዝ 0 ስጡት። ያኔ መጥበብ ይችላል። የተረፈው ጽሑፍ እንዲሰበር ከፈለጋችሁ ኦቨርፍሎው ራፕ ኤኒዌር፣ በሦስት ነጥብ እንዲቆረጥ ከፈለጋችሁ ቴክስት ኦቨርፍሎው ኤሊፕሲስ ከጓደኞቹ ከኦቨርፍሎው ሂድን እና ከዋይት ስፔስ ኖራፕ ጋር። ዋጋውን የያዘው ደግሞ ተቃራኒው ይሁን፤ ፍሌክስ ሽሪንክ 0፣ ዋይት ስፔስ ኖራፕ። ስም ቢቆረጥ ሰው ይገምታል። «1,250 ብር» ተሰብሮ 1,250 ከላይ፣ ብር ከታች ሲሆን ግን ደስ አይልም። ቁጥሩ ራሱ ቢቆረጥ ደግሞ ጠብ ነው።

በግሪድም ያው በሽታ አለ። 1 ኤፍአር ያላችሁት ዓምድ በይዘቱ የሚለጠጥ ከሆነ ሚንማክስ 0 እና 1 ኤፍአር አድርጉት።

ቋንቋ ሲቀየር በተኖቹ ለምን ይበታተናሉ?

በእንግሊዝኛ ብቻ ተለክተው ስለተሠሩ። ድሬ ላይ ለሕዝብ የሚሆን አፕሊኬሽን የሚሠራ ሰው ቢያንስ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይጠየቃል። ሐረር ላለ ደንበኛ ከሆነ ሐረሪም ይጨመራል። እስኪ አንድ በተን እንውሰድ። በአማርኛ «ምዝገባ» አራት ፊደል ነው። በኦሮምኛ «ገልሜ» በላቲን ስድስት ፊደል ይወስዳል። በሶማሊኛ «ዲዋንገሊን» አሥራ ሁለት። የእኛ ፊደል አንዱ ለአንዱ ከላቲኑ ስለሚሰፋ ልዩነቱ የቁጥሩን ያህል አይሰፋም፤ ግን አለ። ለበተኑ 90 ፒክሰል ቆርጣችሁ ከሰጣችሁት አንዱ ቋንቋ ይፈስሳል።

ለበተን ስፋት አትስጡ። ፓዲንግ ስጡት፤ ስፋቱን ጽሑፉ ይወስን። ወላጁ ላይ ፍሌክስ ራፕ ይኑር፤ ሦስቱ በተኖች በአንድ መስመር ካልበቁ ሦስተኛው በክብር ወደ ታች ይውረድ። እኩል እንዲሆኑ ከተፈለገ በግሪድ እኩል አካፍሏቸው፤ ስትፈትኑ ግን በሦስቱም ቋንቋ ክፈቱት። በአማርኛ ብቻ አይቶ «ጨርሻለሁ» ማለት በእንግሊዝኛ ብቻ አይቶ ከማለት አይለይም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ የተዘጋጁ ዲዛይኖች የበተን ጽሑፍን በሙሉ ወደ ትልቅ ፊደል ይቀይራሉ። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው ምንም አይሆንም። ኦሮምኛውና ሶማሊኛው ግን በትልቅ ፊደል ይሆኑና ይሰፋሉ። አማርኛ ላይ የተስተካከለው መስመር እዚያ የሚፈርሰው አንዳንዴ በዚህ ነው። ቴክስት ትራንስፎርሙን አጥፉት።

ከዚያ ቁመቱ። የመረጣችሁት ፎንት ግዕዝ ከሌለው ብሮውዘሩ ፊደላችንን ከሌላ ፎንት ያመጣል። ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ ሊሆን ይችላል፤ አንድሮይድ ላይ ብዙውን ጊዜ ኖቶ ነው። የፎንቶቹ ቁመት ስለሚለያይ የአማርኛው በተን ከጎኑ ካለው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል። ላይን ሃይትን (የመስመሩን ቁመት) በቁጥር ስጡ፤ ለአማርኛ 1.6 አካባቢ ለማንበብ ይመቻል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አብራችሁ ጫኑ። አይኮንና ጽሑፍ ጎን ለጎን ካሉ አላይን አይተምስ ሴንተር። ትልቅ ቁጥርና ትንሽ ጽሑፍ ከሆኑ ደግሞ ቤዝላይን፤ ፊደሎቹ በአንድ መስመር ላይ የቆሙ ይመስላሉ።

አረብኛ ጨምሩ ብንባልስ? ሁሉንም ገልብጠን ልንሠራ ነው?

አይደለም። ኤችቲኤምኤሉ ላይ ዲር የሚለውን አርቲኤል (ከቀኝ ወደ ግራ) አድርጉት። ፍሌክሱም ግሪዱም ራሳቸው ይገለበጣሉ፤ መጀመሪያ የነበረው ከቀኝ ይጀምራል። የማይገለበጠው እናንተ በእጃችሁ «ግራ» እና «ቀኝ» ብላችሁ የጻፋችሁት ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ማርጂን ሌፍት በማለት ፋንታ ማርጂን ኢንላይን ስታርት በሉ። ፓዲንጉም እንደዚያው። አረብኛ ባይመጣም የምትከስሩት የለም።

አንዱን በተን ብቻ ወደ ቀኝ ዳር መግፋት እፈልጋለሁ።

ለእሱ ማርጂን ኢንላይን ስታርት ኦቶ ስጡት። የተረፈውን ቦታ ሁሉ ውጦ ይሄዳል።

ፎርም ላይ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ጎን ለጎን ይሁኑ?

ሰፊ ስክሪን ላይ አዎ፤ ሦስቱ አንድ ነገር ናቸውና ዓይን አብሮ ያነባቸዋል። ስልክ ላይ ከላይ ወደ ታች። የተቀረው ፎርም ግን ሰፊ ስክሪን ላይም ቢሆን በአንድ ዓምድ ይውረድ ባይ ነኝ። በሁለት ዓምድ የተደረደረ ፎርም ላይ ሰው ከስልክ ቁጥር በኋላ ወደ ታች ይሂድ ወይስ ወደ ጎን አያውቅም። አንዱን ዘሎ «አስገባ» ይላል፤ ቀይ ጽሑፍ ይመጣበታል፤ ይበሳጫል።

ቀን ስታስገቡ ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወር መምረጫ ከሠራችሁ 13 ወር ነው። 12 ቢሆን ሦስት በአራት ይደረደር ነበር። 13 ለምንም አይካፈልም፤ ጳጉሜን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ብቻዋን ትቀራለች። ክፍት ቦታውን ለመሙላት አትጨነቁ። ግሪድ ኮለምን ከ1 እስከ ሲቀነስ 1 በሏት፤ ሙሉውን የታችኛውን መስመር ትይዛለች። አምስት ወይም ስድስት ቀን ላላት ወር ሰፊ ነው፤ ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

ካርዶቹ ቁመታቸው እኩል እንዲሆን?

በፍሌክስም በግሪድም በአንድ መስመር ላይ ያሉ ልጆች ካልተነካኩ እኩል ይለጠጣሉ። የምትፈልጉት በተኖቹ በአንድ ከፍታ እንዲቆሙ ከሆነ ካርዱን ራሱን ወደ ታች የሚወርድ ፍሌክስ አድርጋችሁ ለበተኑ ማርጂን ቶፕ ኦቶ ስጡት። ፎቶ ተለጥጦ ሰው ሲያቀጥን ካያችሁ ግን ተጠያቂው ያው መለጠጥ ነው። አላይን አይተምስ ስታርት ያቆመዋል።

ቅደም ተከተሉን በኦርደር ብቀያይረውስ?

ለዓይን ብቻ ነው የሚቀየረው። በኪቦርድ ታብ እየተጫነ የሚሄድ ሰውና ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ዓይነ ስውር የሚያገኙት ኤችቲኤምኤሉ ላይ የተጻፈውን ተራ ነው። በዓይን «ሰርዝ» በግራ፣ «አስቀምጥ» በቀኝ ሆኖ ታቡ ተገልብጦ ሲዘል አስቡት። መጀመሪያ ኤችቲኤምኤሉን በትክክለኛው ተራ ጻፉ። ሰልፉን የሚገለብጠው ሮው ሪቨርስም ያው ነው።

በነካ እጃችን፣ እነዚህን ሁለት በተኖች አታጣብቋቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የዌብ ተደራሽነት መመሪያ 2.2 የሚነካ ነገር ቢያንስ 24 በ24 ፒክሰል እንዲሆን ወይም በቂ ክፍተት እንዲኖረው ይጠይቃል። ባጃጅ ውስጥ እየተንገጫገጨ ለሚነካ ጣት ግን 24 ያንሳል። 44 አድርጉት።

ሰንጠረዥ ብጠቀምስ?

ዳታው ሰንጠረዥ ከሆነ ሰንጠረዥ ነው፤ የወር ሽያጭ፣ የተማሪ ውጤት። ስልክ ላይ ሲሰፋባችሁ በአንድ ዲቭ ጠቅልላችሁ ዲቩ ብቻ ወደ ጎን እንዲንሸራተት አድርጉ፤ ገጹ በሙሉ አይንሸራተት። ሜኑና ሳይድባር ለማቆም ግን ሰንጠረዥ አትጠቀሙ።

ቡትስትራፕ ወይም ቴይልዊንድ ካለ ይህን ሁሉ ማወቅ ለምን ያስፈልጋል?

እነዚህ የተዘጋጁ የሲኤስኤስ ስብስቦችም ከሥር ያው ፍሌክስና ግሪድ ስለሆኑ ነው። ቡትስትራፕ እስከ ሦስተኛው እትም በፍሎት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አራተኛው ወደ ፍሌክስ ዞረ። ስለዚህ የድሮ ምሳሌ ኮፒ ስታደርጉ የየትኛው እትም እንደሆነ እዩ። ሮው የሚለውን ክላስ ከኮንቴይነር ውጭ ብታስቀምጡት ደግሞ ገጹ ወደ ጎን መንሸራተት ይጀምራል፤ ሮው በሁለቱም ዳር አሉታዊ ማርጂን ስላለው። ቴይልዊንድ ላይ ጋፕ 4 ማለት 1 ሬም ነው፤ 4 ፒክሰል አይደለም። ሥራ ለማፋጠን ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ሲበላሽ የሚያድናችሁ ግን ከሥር ያለውን ማወቅ ነው።

ደንበኛዬ «ሁሉም ነገር በአንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ይታየኝ» ይለኛል። ምን ልበለው?

«እሺ ጋሼ» ብላችሁ አትሂዱ፤ መከራከርም አያስፈልግም። ጠይቁት። «ጠዋት ሱቅ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት ምንድን ነው?» በሉት። ብዙውን ጊዜ መልሱ ሁለት ወይም ሦስት ነገር ነው። የትናንት ሽያጭ፣ ያልተከፈለ ዱቤ፣ ሊያልቅ የተቃረበ ዕቃ። አሥራ አምስት አይደለም።

ከዚያ ለያዩት። ሰው የሚያወዳድራቸው ነገሮች ጎን ለጎን ይቁሙ። የዚህ ወር ሽያጭ ከባለፈው ወር አጠገብ፤ የገባው ከወጣው አጠገብ። በየተራ የሚሠራቸው ደግሞ ከላይ ወደ ታች ይውረዱ። ዕቃ መምረጥ፣ ብዛት ማስገባት፣ በቴሌብር መክፈል የሚወዳደሩ አይደሉም፤ አንዱ ካለቀ በኋላ ሌላው ይመጣል። እኔ አንድን ነገር ጎን ለጎን ላድርገው ወይስ አላድርገው ስል የማየው ይህንን ነው። የስክሪኑ ስፋት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አሁንም «የለም አቦ፣ ሁሉም ይታይ» ካለ ሁሉንም ደርድሩና በራሱ ስልክ ክፈቱለት። ከሱቁ በር ላይ፣ በቀትር ፀሐይ። ጽሑፉ ምን ያህል እንደሚያንስ እሱ ራሱ ይነግራችኋል።

ከማስረከቤ በፊት ምን ልፈትሽ?

የብሮውዘሩን ስፋት 320 ፒክሰል ድረስ አጥብቡት። ገጹ ወደ ጎን መንሸራተት የለበትም። ላፕቶፕ ላይ በ1280 ስፋት ዙሙን 400 ፐርሰንት ብታደርጉት ያው 320 ይሆናል፤ ዓይኑ የደከመ ሰው የሚያየው እንደዚያ ነው። በስልኩ ሴቲንግ ፊደሉን አሳድጋችሁ ክፈቱ። ቋንቋዎቹን አንድ በአንድ ቀይሩ። ረጅም ስም፣ ባዶ ዝርዝር፣ አንድ ዕቃ ብቻ ያለበት ዝርዝር አስገቡ። ታብ እየተጫናችሁ ከላይ እስከ ታች ሂዱ።

በጨዋታ መልክ የሚለማመዱበት አለ?

አለ። ፍሌክስቦክስ ፍሮጊ ላይ እንቁራሪቶችን በፍሌክስ ትእዛዝ ቅጠላቸው ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ 24 ደረጃ አለው። ግሪድ ጋርደን ደግሞ በግሪድ ካሮት የምታጠጡበት ነው፤ 28 ደረጃ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ኮድ ስለሚጻፍባቸው በስልክ ይከብዳሉ፤ ኪቦርድ ያለው ኮምፒውተር ፈልጉ። ፍሮጊን አስቀድሙ።